በብርጭቆ ታይቶ የተሸጠ ማጣሪያ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለውሃ ማጣሪያ አቅራቢው ድርጅት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለጉድጓድ ውሃችን የማይሆን መሣሪያ ስለተሸጠልኝ ቅሬታ ስለማቅረብ

ዘንዘልማ አካባቢ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። የምንጠቀመው የግቢያችንን የጉድጓድ ውሃ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ «ሙሉ መፍትሔ» ብላችሁ 46,000 ብር አስከፍላችሁ መሣሪያ ተክላችሁልኛል። ደረሰኙ በእጄ ነው።

የላካችሁት ቴክኒሻን ትሑት ልጅ ነው። ምርመራው ግን ከአንዲት ብርጭቆ አላለፈም። ከፓምፑ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሣትና «እማማ፣ ይሄማ ኩልል ያለ ነው። ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚለው ኖራ ስላለበት ነው» አለኝ። ጨው የሚጨመርበትን ጋን ተክሎ ሄደ።

ብርጭቆዋ መስኮቱ ላይ ተረስታ አደረች። ጠዋት ሳያት ውሃው ቀልቷል፤ ከሥሩ የዝገት ዝቃጭ ተኝቷል። ለካ ብረት ያለበት ውሃ ከጉድጓድ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው፤ የሚቀላው አየር ሲያገኘው ነው። እኔ ይህን ባላውቅ አይፈረድብኝም። የእናንተ ግን እንጀራችሁ ነው! ሻዩ ቀለም እስኪመስል እንደሚጠቁር፣ ነጠላዬም ታጥቦ ሲደርቅ እንደሚበልዝ ነግሬው ነበር። ሰምቶ ዝም አለ።

የተከላችሁት መሣሪያ ልጁ «ኖራ» ያላቸውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ወስዶ በምትኩ ሶዲየም የሚሰጥ ነው። የዛገ ብረት ሲገባበት ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ይደፈናሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። ጨው ግን ይበላል፤ በሬ የምቀልብ ነው የመሰለኝ።

የባሰው ሌላ ነው። የጎረቤት ሽንት ቤት ከጉድጓዳችን 12 እርምጃ ቢሆን ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር የወጣው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስንጥቅ ያለው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የላዩን ቆሻሻ ወደ ታች ለማሳለፍ አይሰስትም፤ ክረምት ሲሆንማ አይጣል ነው። ልጁ «ሽንት ቤት የት ነው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም። በራሴ ወጪ አስመረመርሁ፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ጀርም ተገኘበት። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ይህ ተሕዋስ ጨርሶ መገኘት የለበትም። መሣሪያችሁ ጀርም አይገድልም፤ ልጁ ግን «ከእንግዲህ ማፍላት ቀረ» ብሎን ነበር። የልጅ ልጄ አንድ ሳምንት ሆዷን ታማ ሰነበተች። በውሃው ይሁን በሌላ አላውቅምና በእናንተ አላመካኝም። አሁን አፍልተን ነው የምንጠጣው።

የምጠይቀው ይህን ነው። መጀመሪያ ናሙና ወስዳችሁ ብረቱን፣ ማንጋኒዙን፣ ናይትሬቱንና ጀርሙን በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም፤ ሽንት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ልኩን ማወቅ አለብኝ። በውጤቱ መሠረት ብረቱን በአየር አዝጎ የሚያስቀር ማጣሪያ ይተከል፤ ከዚያ በኋላ ጀርም የሚገድለው፣ ክሎሪንም ይሁን የአልትራቫዮሌት መብራት። ተራው እንዳይገለበጥ አደራ፤ መብራቱ በደፈረሰ ውሃ ላይ ሥራውን አይሠራም።

ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ጋናችሁን ንቀሉና 46,000 ብሬን መልሱ። እስከ 15 ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ የምርመራውን ወረቀትና ደረሰኙን ይዤ ለሸማቾች ጥበቃ አመለክታለሁ።

ብርጭቆዋን እስካሁን አላጠብኋትም። ስትመጡ መስኮቱ ላይ ታገኟታላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ