ባንክ ነን እንዴ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አጥቢያችን ምርቃት ያወጣችሁትን ዜና ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዋና መሥሪያ ቤት በወላይታ ያስገነባው ቅርንጫፍ ተመረቀ» ይላል። ቅርንጫፍ! ኤቲኤማችን የት እንደተተከለ ብትጠቁሙን የቆርቆሮውን ቀሪ ዕዳ እንከፍልበት ነበር።

ማን ነው ያስገነባው? እኔ በበኩሌ አንዲት ጊደር ሸጫለሁ። ድንጋዩን ያመላለሱት ወጣቶቻችን ናቸው። እናቶች ለመባ ያመጡት ዶሮ ከአምልኮ በኋላ ለጨረታ እየቀረበ ሚስማር ሆኗል። ጎረቤት አጥቢያ አናጢና ባሕር ዛፍ ላከልን፤ ማንም አላዘዘውም። እነሱ ሲሠሩ እኛም ሄደን ጭቃ አቡክተናል።

«የአንድ ቃል ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። ግን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ከላይ ይመደብለታል። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎችን የሚመርጠው ምእመኑ ነው። የወንጌላዊውን ደመወዝም የምንከፍለው እኛው ነን፤ ሲዘገይ የሚያፍረውም የእኛው ገንዘብ ያዥ ነው።

ከአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤት ጋር ጠብ የለኝም። አንድ አጥቢያ ብቻውን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አይከፍትም። ኅብረቱ ያስፈልገናል፣ የአጎራባቾቻችንም ምክር ያስፈልገናል። አምና በመዘምራን ኪቦርድ ተጣልተን (አዎ፣ በኪቦርድ!) የሌሎች አጥቢያዎች ሽማግሌዎች መጥተው ሦስት ቀን አብረውን ተቀመጡ። ቆጯችንን በሉ፣ ገሠጹን፣ ጸለዩልን፣ ሄዱ። ኪቦርዱ የት ይቀመጥ የሚለውን ግን የወሰንነው እኛ ነን።

ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1929 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ወንጌልን ያመጡልን የውጭ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት 48 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። ያኔ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት ነበር? ወንጌላዊ መርጠው፣ ስንቅ ቋጥረው፣ ወደ ጎረቤት ሕዝብ የላኩት የመንደር ጉባኤዎች ናቸው። አንዱ ስንቅ ሲያጥረው ሌላው ይሞላለታል። በደርግ ጊዜ የጸሎት ቤቶች ሲታሸጉም በየጓዳው ተሰብስበናል። ቅርንጫፍ ብንሆን ኖሮ ያኔውኑ ሒሳባችን ተዘግቶ ነበር።

ጋዜጠኛችሁ ከምርቃቱ የክብር እንግዳ ጋር በመኪና መጣ፣ እንግዳውን ጠየቀ፣ ከእንግዳው ጋር ሄደ። ምሳ እንኳ አልቀመሰልንም። ስልኬን ሰጥቼው ነበር። ምናልባት ኔትዎርክ ይሆናል።

ፎቶውንም አየሁት። ሪባን ከሚቆርጡት እንግዳ ጀርባ፣ ግማሽ ፊታቸው ተቆርጦ የቀረው እናት የመጀመሪያዋን ዶሮ ያመጡት ናቸው። ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ እባካችሁ ሙሉ ፊታቸው ይውጣ። ጋዜጣውን ለልጅ ልጆቻቸው ገዝተው አስቀምጠዋል።

ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አንዱ፣
ወላይታ