የምስጋና መልእክት፦ ለቴአትር አዘጋጁ ለቭላድ ትሮይትስኪና ከኪየቭ ላወጣችሁኝ ሁሉ

ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ከዋና ከተማዋ ከኪየቭ የወጣሁበትን መንገድ አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም፤ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ አምላክ ይመስገን።

ምስጋናዬ አስቀድሞ ለቴአትር አዘጋጁ ለቭላድ ትሮይትስኪ ይድረስ። እሳቸው አያውቁኝም። እኔ ግን ለትምህርት ሄጄ ዘመድም ወዳጅም ባልነበረኝ ጊዜ፣ በሊቢድስካ ሜትሮ ጣቢያ አካባቢ በምትገኘው ጠባብ አዳራሻቸው ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቼ ያመሸሁባቸውን ቀናት ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋሙት ይህ ቴአትር «ዳኽ» ይባላል፤ በዩክሬንኛ ጣሪያ ማለት ነው። የመንግሥትን በጀት ደጅ ሳይጠኑ፣ በንግድ ያገኙትን የራሳቸውን ገንዘብ እያወጡ ባያቆሙት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 «ዳኻብራኻ»፣ በ2012 ደግሞ «ዳኽ ዶተርስ» የተባሉት የሙዚቃ ቡድኖች ከየት ይወለዱ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመሩት «ጎጎልፌስት» የተባለው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫልስ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ያዘጋጁትን «ኢዮብ» የተሰኘ ኦፔራ ያየሁበትን ምሽት ግን ለይቼ ማንሳት አለብኝ። ክዳኑ የተከፈተውን ትልቅ ፒያኖ ተጫዋቾቹ ቁልፎቹን በመጫን ብቻ አይጫወቱትም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ክሮቹን ይመታሉ፣ ይፍቃሉ፣ ያስጮኻሉ። እናቴ ልቅሶ በደረሰች ቁጥር «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጣችሁ» ስትል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና፣ ያ ድምፅ አንጀቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ወረራው በጀመረበት በየካቲት 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) ሌሊቱን ምድር ቤት ተቀምጠን ፍንዳታ ስናዳምጥ ያጽናናኝ ያ ድምፅ ነው።

ስለ ባቡሩ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በምዕራብ ዩክሬን እስካለችው እስከ ልቪቭ ዳቦአችሁን ያካፈላችሁኝ፣ ድንበር ላይ ትኩስ ሻይ ያቀበላችሁኝ፣ በፖላንድና በጀርመን ቤታችሁን የከፈታችሁልኝ ወገኖቼ በሙሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ። ስማችሁን ሳልጠይቅ የተለያየኋችሁ፣ ጠይቄም በድንጋጤ የዘነጋኋችሁ ብዙ ናችሁና ይቅርታ አድርጉልኝ።

በመጨረሻም፣ በፈረንሳይ ኖርማንዲ የምትገኘው የቪር ከተማ የቴአትር ሰዎች፣ ከወረራው በኋላ የዳኽ ዶተርስን ሴቶች ተቀብላችሁ እንደገና መድረክ ላይ እንዲቆሙ ስላበቃችኋቸው፣ በዚያ ጠባብ አዳራሽ አብሬያቸው ባመሸሁት ተመልካቾች ስም ጭምር አመሰግናችኋለሁ።