ኬብሉ ከተቆረጠ ካሜራው የለም

ለአዘጋጁ፣

በቅርቡ ያወጣችሁትን የድሮ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ካሜራ ፎቶ ከነመግለጫው አይተነዋል። ፎቶው ያስደስታል። መግለጫው ግን ካሜራማኑ የምስሉን ብርሃንና ጥራት በዚሁ መሣሪያ ብቻውን ያስተካክል እንደነበር ይናገራል፤ ይህ ልክ አይደለም። በፎቶው የሚታየው ባለሙያዎች «ሄድ» የሚሉት የካሜራው ክፍል ነው። የቀረው ግማሽ ከኬብሉ ማዶ፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ጉዳዩን የምናነሳው ለእርማት ብቻ አይደለም። የቆየ ዕቃ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ለሙዚየም ወይም ለሆቴል መግቢያ ጌጥ ሲመረጥ፣ ዓይን የሚስበው ሄዱ ይወሰድና ኬብሉ ለመዳቡ ይቆረጣል፣ የመቆጣጠሪያው ሳጥንም ለብረቱ ይሸጣል። ያን ጊዜ የሚቀረው ካሜራ ሳይሆን የካሜራ ቅርፊት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የቀለም ስርጭት የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያ ዘመን አንድ የስቱዲዮ ካሜራ የሚባለው ሄዱ፣ ከ30 በላይ ቀጫጭን ሽቦ በአንድ ላይ የያዘው ወፍራም ኬብል፣ «ሲሲዩ» የሚባለው የካሜራ መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ የኃይል ማቅረቢያውና የምስሉን ምት የሚሰጠው የጋራ መሣሪያ ተደምረው ነው። ምቱ ቀላል ነገር አይደለም። በ625 መስመር ሥርዓት በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ይሳላል፤ ይህ በሰከንድ 15,625 መስመር ማለት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ካሜራዎች በሙሉ እያንዳንዷን መስመር በአንድ ቅጽበት መጀመር አለባቸው። አንዱ ወደኋላ ከቀረ፣ ዳይሬክተሩ ከካሜራ ወደ ካሜራ ሲቀይር ምስሉ ይዘላል ወይም ይንከባለላል።

ኬብሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሲግናል በኬብል ሲጓዝ ይዘገያል፤ ከርዝመቱም የተነሣ የምስሉ ደቃቅ ዝርዝር ይዳከማል። ስለዚህ ሲሲዩው ለኬብሉ ርዝመት የሚስተካከልበት ማዞሪያ ነበረው። የ30 ሜትር ኬብል ተነቅሎ የ100 ሜትር ሲገባ ማዞሪያው አብሮ ካልተቀየረ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ጥፋቱም ሳይኖርበት ሌንሱ ይወቀሳል። የኬብሉ ደካማ ቦታ ጫፉ ነው። ማያያዣው በግድ ሲገፋ ከመርፌዎቹ አንዷ ትጎብጣለች፤ ያች መርፌ የመነጋገሪያውን ድምፅ የምትወስድ ከሆነች ካሜራማኑ የዳይሬክተሩን ትእዛዝ አይሰማም፣ ምስሉን መስመር በመስመር የሚያነብበውን ጨረር የሚያንቀሳቅሰውን ሲግናል የምትወስድ ከሆነች ደግሞ ምስሉ ቅርጹን ያጣል።

ካሜራማኑ በሄዱ ላይ የሚያደርገው ምን ነበር? ክፈፉን ይይዛል፣ ሌንስ ይመርጣል፣ ፎከስ ይጠብቃል። ዙም ሌንስ ከመለመዱ በፊት ፊት ለፊት በሚዞር ሳህን ላይ አራት ሌንሶች ይታሰሩ ነበር፤ ከኋላ ያለው እጀታ ሲዞር ሳህኑ ይሽከረከርና የተፈለገው ሌንስ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው የመስተዋት ቲዩብ ፊት ይቆማል። ሽክርክሪቱ በአየር ላይ ከታየ ያሳፍራል፤ ስለዚህ እጀታው የሚነካው ካሜራው በአየር ላይ መሆኑን የምታሳየው ቀይዋ መብራት ከጠፋች በኋላ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ካሜራዎች ፎከስ ሲደረግ የሚንቀሳቀሰው ሌንሱ ሳይሆን፣ ቲዩቡ ከነኮይሎቹ በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ዛሬ አንድ ሄድ ተከፍቶ ሲታይ ያ ሐዲድ በደረቀ ግራሶ ተይዞ ከተገኘ በኃይል መግፋት አይገባም። ግራሶው ተለስልሶ መጠረግ አለበት፤ የተገፋው ቲዩብ አንገቱ ላይ ይሰበራል።

በጥቁርና ነጩ ዘመን ከፍተኛ ጥራት ይሰጥ የነበረው ቲዩብ ኢሜጅ ኦርቲኮን ነው፤ ፊቱ 3 ወይም 4.5 ኢንች ይሆናል። ብርሃን ፊቱ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ይፈናጠራሉ፤ እነሱም እጅግ ስስ የሆነ የመስተዋት ገበታ ላይ ሄደው የምስሉን ቅርጽ በኤሌክትሪክ ይጥሉበታል። ከኋላ የሚመጣ ጨረር ያንን ገበታ መስመር በመስመር ያነብባል፤ ተመልሶ የሚመጣው ጨረርም በአምስት ደረጃ ይባዛል። አሠራሩ ረቂቅ ስለሆነ ሥርዓት ይፈልጋል። ሌንሱ ተከድኖ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መሞቅ አለበት። ከዚያ ሲሲዩው ላይ የተቀመጠው ባለሙያ የገበታውን ቮልት ምስል እስከሚጠፋበት ድረስ ያወርድና ከዚያ ነጥብ በ2 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ጨረሩን ደግሞ ነጩ ቦታ ዝርዝሩን እስኪያሳይ ብቻ ይጨምራል። ጨረሩ ካነሰ ነጩ ሁሉ እንደ ኖራ ግድግዳ ይደፈናል፤ ከበዛ ምስሉ ላይ የአሸዋ መሰል ብናኝ ይነሣል። የመጨረሻ ምስክሩ ሞኒተሩ ሳይሆን የሞገድ መለኪያው ነው፤ ሙሉ ሲግናሉ 1 ቮልት ሲሆን 0.7ቱ ምስል፣ 0.3ቱ ምት ነው።

ይህ ቲዩብ ያየውን ቶሎ አይረሳም። አንድ ጽሑፍ ላይ ወይም አንድ ወንበር ላይ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ ከቆየ፣ ካሜራው ወደ ሌላ ሲዞር የቀድሞው ምስል ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ተደርቦ ይታያል። ስለዚህ ተራውን የሚጠብቅ ካሜራ በቀስታ መንቀሳቀስ ወይም መከደን ነበረበት። ምስሉ ከተጣበቀ ደግሞ ፎከሱ ይበተንና እኩል ብርሃን ያረፈበት ነጭ ሰሌዳ ይታያል፤ ቀስ በቀስ ይለቃል።

ከሁሉ ይልቅ በእኛ አገር ስቱዲዮ ሥራውን የሚያከብደው ነጠላው ነው። ይህን ከውጭ የመጣ መመሪያ አይነግርም። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማውን ይመልሳል፤ የጠይም ሰው ፊት የሚመልሰው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። የስቱዲዮ ልማድ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚያንጸባርቅና ከ3 በመቶ በታች የሚመልስ ነገር ክፈፍ ውስጥ እንዳይገባ ይመክራል፤ ይህ 20 ለ1 ነው። እንግዲህ ባለሙያው ለነጠላው ብሎ አይሪሱን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ቢዘጋ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዓይንና ቅንድቡ አይለይም። ለፊቱ ብሎ ቢከፍት ነጠላው ወረቀት ይመስላል፣ ጥለቱም ይጠፋል። በኢሜጅ ኦርቲኮን ላይ ሌላ መዘዝ አለ፦ ደማቅ ቦታ ላይ የተፈናጠሩት ኤሌክትሮኖች ዙሪያው ላይ ተመልሰው ስለሚወድቁ ነጩን ጨለማ ቀለበት ይከብበዋል። ነጠላ የለበሰ ሰው አንገትና አገጭ ላይ ያ ጥላ ሲያርፍ የተናጋሪው ፊት የቆሸሸ ይመስላል። ከኋላ ያለው ግድግዳ መካከለኛ ግራጫ ከሆነ ደግሞ ጥላው ትከሻውን ተከትሎ ጎልቶ ይወጣል።

መፍትሔው ካሜራው ላይ ሳይሆን መብራቱ ላይ ነው። የዋናው መብራት የታችኛው ክንፍ ከፍ ተደርጎ ብርሃኑ ከትከሻ ላይ ይነሣል፤ ወይም የመብራቱን የታች ግማሽ ብቻ የሚሸፍን የሽቦ ወንፊት ይገባበታል። ፊቱን ከጎን በለስላሳ ብርሃን ማገዝ ይጠቅማል። ልብሱን መምረጥ ከተቻለ ያልነጣ፣ ቢጫ ወዝ ያለው ጋቢ ከአዲስ ነጠላ እጅግ ይሻላል። ፊልም ሠሪዎች ነጭ ሸሚዝ በሻይ ነክረው የሚያደበዝዙት ለዚሁ ነው። ሰውየውን ግን ልብስህን ቀይር ከማለት መብራቱን መቀየር ይቀድማል፤ እንግዳ በክብር ልብሱ ነው መታየት ያለበት።

ቪዲኮን ቀለል ያለ፣ አንድ ኢንች ያህል ውፍረት ያለው ቲዩብ ነው፤ ግን ሰው ሲራመድ ከኋላው ጭስ የመሰለ ጥላ ይጎትታል፣ ሙቀት ሲጨምርም ጥቁሩ ይነጣል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ፊሊፕስ ያወጣው ፕለምቢኮን ይህን ችግር በእጅጉ ስለቀነሰ የቀለም ካሜራዎች ልብ ሆነ። ሁለቱም ግን ጧፍና የናስ መስቀል አይወዱም። ነበልባሉ ወይም የመስቀሉ ብልጭታ ለጨረሩ ከአቅም በላይ ይሆንና ካሜራው ሲዞር እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ጭራ ይተዋል። በበዓል ቀን ታቦት ሲወጣ ካሜራውን በዝግታ ማዞር፣ ጨረሩን ከፍ፣ አይሪሱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ የነበረው ለዚህ ነው። ፀሐይን በተመለከተ ደግሞ መሣሪያው መጥፋቱ አያድነውም፤ ሌንሱ ፀሐይዋን እንደ ማጉያ መስተዋት ሰብስቦ ቲዩቡ ላይ ይጥላታልና ያቃጥለዋል።

በቀለም ካሜራ ሦስት ቲዩቦች ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ይሠራሉ። አረንጓዴው መለኪያ ሆኖ ሌሎቹ ሁለቱ መረብ በተሣለበት ሰሌዳ ላይ እሱ ላይ እስኪገጥሙ ድረስ ይስተካከላሉ። ሳይገጥሙ ከቀሩ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው በቀሚስ ጥበብ ላይ ነው፤ የጥበቡ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያበቅላል። መሣሪያው ሲሞቅ ነገሩ ስለሚንሸራተት፣ ሳይሞቅ የተስተካከለ ካሜራ እንደገና መስተካከሉ አይቀርም።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ አይሞላም። ስስ አየር መሣሪያን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ከፍተኛ ቮልትንም በደንብ አያግድም። የሄዱ መመልከቻ ስክሪን በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይሠራል። አቧራና እርጥበት ተጨምሮበት በዚህ ከፍታ ሲከፈት ሲጥ የሚል ድምፅና ሰማያዊ ብልጭታ ይነሣል። ስለዚህ ለዐሥርት ዓመታት የቆመ ካሜራ «ይሠራ እንደሆነ እንየው» ተብሎ ሶኬት ላይ በፍጹም መሰካት የለበትም። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ሳይሠሩ ሲቆዩ ውስጣዊ ሽፋናቸው ይሟሟል፤ 220 ቮልት በድንገት ሲመጣባቸው ይሞቃሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ትራንስፎርመሩንም ይዘው ይሄዳሉ። ሙከራ የግድ ከሆነ ካፓሲተሮቹ አንድ በአንድ ተለክተው፣ ከዚያም ቮልቱን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ትራንስፎርመር (በቫሪያክ) ከጥቂት ቮልት ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ ከፍ እየተደረገ ነው፤ ይህም ሥራውን በሚያውቅ ሰው ብቻ። ለማሳያ የሚቀመጥ ካሜራ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም።

በመሣሪያው ውስጥ ያሉትን፣ ቫልቭ የሚባሉትን የመስተዋት አምፖሎች ሳይሰኩ መመርመር ይቻላል። ብዙዎቹ አናታቸው ወይም ጎናቸው ላይ የብር መልክ ያለው ጠቃጠቆ አላቸው። ብሩ ወደ ወተት ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቷል፣ አምፖሉ ሞቷል። የካሜራ ቲዩብ ሲጓጓዝ ፊቱ ወደ መሬት ተደፍቶ መቀመጥ የለበትም፤ ከኋላው ያለ ብናኝ ገበታው ላይ ይወርድና በምስሉ ላይ ቋሚ ነጥብ ይሆናል።

የካሜራ መቆሚያው ከካሜራው ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የስቱዲዮ መቆሚያ ምሰሶ በታመቀ አየር ወይም በክብደት ተመዛዝኖ የቆመ ነው፤ ከላይ ያለው ካሜራ ብዙ ጊዜ ከ40 ኪሎ ይበልጣል። ምሰሶው ሳይወርድና ሳይቆለፍ ካሜራው ከተፈታ፣ ምሰሶው ተስፈንጥሮ ያጎነበሰውን ሰው አገጭ ይመታል። መጀመሪያ እስከ ታች ማውረድ፣ መቆለፍ፣ ከዚያ ብሎኑን መንካት።

ሌንሶችን የሚበላው እርጥበት ነው። በክረምት የጣርማ በር ጉም ቤት ውስጥ ይገባል፤ በጨለማ ሣጥን የተዘጋ ሌንስ ላይም የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል። አየርና ብርሃን ያለበት መደርደሪያ ከቆዳ ሣጥን ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ ዕቃ ወደ ሞቀ ክፍል ወይም ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲወሰድ በላስቲክ ታስሮ ለሰዓታት ሳይከፈት መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ጤዛ ሌንሱንና ከፍተኛ ቮልት ያለበትን ክፍል ያረጥበዋል። ለጉዞ በመንዝ ባና መጠቅለል ከንዝረት ያድናል፤ ነገር ግን ሱፉ ብናኝ ስለሚያራግፍ ከሥሩ ንጹሕ አቡጀዲ ይቅደም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። የሲሲዩው ማዞሪያዎች ከመጠረጋቸው በፊት ያሉበት ቦታ ፎቶ ይነሣ፤ የመጨረሻው ባለሙያ የተወው ልክ እዚያ ላይ ነው ያለው። የሄዱ፣ የኬብሉና የሲሲዩው ቁጥር በአንድ ካርድ ላይ ይጻፍና ካርዱ ከሦስቱም ጋር ይታሰር። ፎቶውን ዳግም ስታወጡት ደግሞ ከሥሩ «የካሜራው ሄድ» ብላችሁ እንድትጽፉ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቆዩ የስቱዲዮ መሣሪያዎች ጉዳይ የሚያሳስበን የቴክኒክ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ