የተፈጥሮና ቱሪዝም ክበብ፦ ቀበሮ ልናይ ሄደን ሣር ይዘን መጣን

የ2011 ዓ.ም. ክበባችን ጥቅምት ላይ በ41 አባላት ተጀመረ፤ ኅዳር ላይ 26 ቀረን። ችግኝ ተክለናል። ግማሹ ጸድቋል፣ ግማሹን የሰፈር ፍየል በልቶታል። በእረፍት ሰዓት ሻይና ቆሎ ሸጠን ለጉዞ አጠራቅመናል። ሌላው ይቆየንና ወደ ጉዞው ልግባ።

ሐዋሳ፣ ላሊበላ ሲባል ከርሞ ሰሜን ሸዋ ያለውን ጥብቅ የሣር ምድር መንዝ ጓሳን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ቲቸር፣ እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አሉኝ። ቀይ ቀበሮ አልኳቸው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ቢሆኑ ነው ስል ዝም አሉ።

በጥር እረፍት ተነሣን። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ቅያሪው ጎማም ተንፍሷል! ጣርማ በር ላይ ታጥፈን መሐል ሜዳ ስንገባ መሽቶ ነበር። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በስስ ሹራብ የመጡት (ለወላጅ በጻፍኩት ደብዳቤ «ወፍራም ልብስ» የሚለውን አስምሬበት ነበር) በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልለው አደሩ። ባናው ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ያሞቃል።

ጠዋት ሣሩን ውርጭ አልብሶት አገኘነው። ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሀል በእግር ወጣን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ እንዳሉ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮው እዚያው መሀላቸው አይጥ ያድናል፤ ቀና ብለውም አላዩት። እነሱ መሀል ሲሆን አደኑ ይበልጥ ይቀናዋል አሉ። አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ግማሾቹ ስልካቸውን ሲከፍቱ አመለጣቸው።

ልጆቹን ያፈዘዛቸው ግን አንድ አዛውንት ጠባቂ ናቸው። ከጓሳው ሣር አንድ እፍኝ ይዘው ጭናቸው ላይ እየፈተሉ፣ እያወሩን ገመድ አወጡ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቆየ ሥርዓት ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ አባቶች «ይከፈት» ሲሉ ሁሉም በአንድነት ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ ኋላ ገበሬዎቹ በመተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቆሙት።

«አባባ፣ ሰው ሳያይ ሌሊት ቢያጭዱስ?» አለ አንዱ።

«ጣራህ ላይ ይታያላ!»

ገመዱ አሁን ክበባችን ክፍል ተሰቅሏል። ሰባተኛዎች ለዝላይ ስጡን ብለዋል፤ እስካሁን እምቢ እንዳልኩ ነኝ።