ግልጽ ደብዳቤ ለመንገድ ሥራዎች ኃላፊ፦ ዲዛይኑ ሳይጸድቅ ከመሬት በታች ያለው ይታይ

ክቡር ኃላፊ፣

የሰፈራችን የእግረኛ መንገድ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ፎርማኑ ያሳየኝ ንድፍ የውሃ መስመሩ 1.20 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው ይላል። የኤክስካቫተሩ ጥርስ ግን ገና ጉድጓዱ ጉልበት ሳይደርስ ቧንቧውን በጠሰው። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ራሱን ይዞ ቆመ። እሱ ምን ያድርግ? የተሰጠውን ወረቀት አምኖ ነው የቆፈረው። ሁለት ቀን ውሃ አጣን። ጉድጓዱም ክፍቱን ከረመ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከመኪና ጋር እየተጋፉ አለፉ።

የምለምንዎት ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት መሬቱ እንዲፈተሽ ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ለውሃው፣ ለመብራቱ፣ ለቴሌኮሙ ደብዳቤ ይጻፋል። የቆየ ካርታ ይመጣና ንድፉ ላይ ይገለበጣል። ካርታው ግን መስመሩ ሊቀበር የታሰበበትን እንጂ የተቀበረበትን ላያሳይ ይችላል። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ተቆርጦ ወይም ተሞልቶ ይሆናል።

የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መመዘኛ ፍተሻውን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። መጀመሪያ የወረቀት መረጃ ይሰበሰባል። ቀጥሎ ላዩ ላይ የሚታዩት ማንሆልና ቫልቮች ይለካሉ። ከዚያ በመሣሪያ ይፈለጋል። በመጨረሻ ጠባብ የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ መስመሩ በዓይን ይታያል። መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። የፕላስቲክ ቧንቧ ጠቋሚ ሽቦ አብሮት ካልተቀበረ የብረት መፈለጊያው አያገኘውም፤ የመሬት ራዳርም ሸክላማ አፈር ላይ ይደክማል። ሁሉም ቦታ ይቆፈር አልልም። ምሰሶ የሚተከልበትና የጎርፍ ቱቦ ሌላ መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ ግን ሳይታይ አይታለፍ።

ወጪው ያሳስብዎት ይሆናል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ 71 የመንገድ ፕሮጀክቶችን አጥንቶ፣ ለዚህ ዓይነት ፍተሻ የወጣ አንድ ዶላር በአማካይ 4.62 ዶላር እንዳዳነ አግኝቷል። አይገርምም። ምሰሶን ወረቀት ላይ ግማሽ ሜትር ማዛወር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ይዞ ቆሞ እየጠበቀ ቧንቧ ማዛወር ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሌላም አለኝ። ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር የታየው መስመር ሁሉ አፈር ሳይመለስበት ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ካርታው ይታረም። የእኛ ቧንቧ ሲጠገን ሜትር ዘርግቶ የለካ ሰው አላየሁም። አሁን ላዩ ላይ ንጣፍ ተነጥፎበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
በየቀኑ በዚያ መንገድ የምሄድ ነዋሪ