አቤት የምትልበት ያጣች ሠራተኛ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ኑሯቸውን በወሲብ ሥራ የሚመሩ ሴቶችን በተመለከተ የሚካሄደው ክርክር ዘወትር ሥራው መኖር አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ስለሚያጠነጥን፣ ዛሬ ማታ በሥራ ላይ የምትሆነው ሴት ክፍያዋን ብትከለከል፣ ብትደበደብ ወይም ብትታመም ለማን አቤት ትላለች የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያሻው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን ከወንጀልነት ስታወጣ፣ ሠራተኛዋ የማትፈልገውን ደንበኛ እንቢ የማለት መብት እንዳላት በሕግ ደነገገች። በ2014 ደግሞ አሠሪዋ በጾታዊ ትንኮሳ ላስመረራት አንዲት ሠራተኛ የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ጉዳዮች ችሎት የ25,000 የኒው ዚላንድ ዶላር ካሳ ወስኖላታል፤ ሥራዋን እንደ ወንጀል ለመደበቅ የተገደደች ሴት እንዲህ ያለ አቤቱታ ይዛ ችሎት ፊት ለመቆም ባልደፈረች ነበር። ቤልጂየምም ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ የሥራ ውል የፈረሙ ሠራተኞች የሕመምና የወሊድ ፈቃድ እንዲሁም ጡረታ እንዲያገኙ ፈቅዳለች።

እንዲህ ያለው ሕግ ሰውን በሚነግዱ ሰዎች እጅ መሣሪያ እንዳይሆን የሚሰጉ ወገኖች ስጋታቸው ከልብ መሆኑን እረዳለሁ። ሆኖም ተገድዳ የገባችዋም ሴት ብትሆን የደረሰባትን ለፖሊስ ለመናገር ራሷ እንደማትታሰር እርግጠኛ መሆን ይኖርባታል። የኒው ዚላንድ ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎችን በዚህ ሥራ እንዳይሰማሩ መከልከሉ የሚያሳዝነኝም ስለዚህ ነው፤ ለብዝበዛ ይበልጥ የተጋለጡት እነርሱ ናቸውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ