ያንን 400 ቶን ታንክ ማን ይጠግነዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በተከታታይ የምታወጡትን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ዕድሜዬን በታንክ ጥገና ስላሳለፍኩ ታሪኩ ገና ከጅምሩ ነው ልቤን የወሰደው። የደራሲው ብዕር ይባረክ፤ አዛዡና ተኳሹ በውጊያው ዋዜማ የሚጨዋወቱትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባለፈው ክፍል ግን 400 ቶን የሚመዝነው ታንክ ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ውጊያ ገባ። ወንዝ ተሻገረ፣ ረግረግ ጣሰ፣ በጨረር መሣሪያው አንድ ሙሉ ሻለቃ ደመሰሰ። አንዲት ብሎን እንኳ አልላላችበትም። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ክብደቱን እንውሰድ። የአንድን ታንክ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እጥፍ ብናደርግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ መሬት የሚነካው የሰንሰለቱ ስፋት ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያለው መሬት የሚሸከመው ጫና በእጥፍ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ታንክ ረግረግ ሲገባ ይሰምጣል። ነገሩ ደግሞ የተሞከረ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ማውስ» የተባለ 188 ቶን የሚመዝን ታንክ ሠርተው ነበር። አብዛኛው ድልድይ ስለማይችለው ውሃው ውስጥ ገብቶ በወንዙ ሥር ባለው መሬት ላይ እየሄደ እንዲሻገር ታሰበ። ውሃ ውስጥ ሳለ ሞተሩ ስለማይሠራም ዳር የቆመ ሌላ ማውስ በኬብል ኤሌክትሪክ እንዲልክለት ነበር ዕቅዱ። በመጨረሻ ተሠርተው የወጡት ሁለት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ? አንዱ ታንክ ወንዙ ውስጥ፣ ሌላው ዳር ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ኬብል፣ ጠላት ደግሞ እየቀረበ!

የጨረሩም ነገር እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙው ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣም ሙቀት የሚያይ መነጽር ለያዘ ጠላት ታንኩን ከሩቅ ያጋልጠዋል። በልብ ወለዱ ግን ተኳሹ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ላብ እንኳ አላላበውም።

«ልብ ወለድ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ልብ ወለድ ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ብረት ለበስ የምድር ተዋጊዎችን በአጭር ልብ ወለዱ ያሳየን እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። እውነተኛው ታንክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ግንባር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ነው። ያ 28 ቶን የሚመዝነው የእንግሊዞች ታንክ፣ ማርክ 1፣ ስምንት ሰው ይዞ ይገባል፤ ለመንዳት ብቻ አራቱ ያስፈልጋሉ። ሞተሩ እዚያው በመካከላቸው ስለሆነ ውስጡ እስከ 50 ዲግሪ ይግላል፣ ጭሱም ያፍናቸዋል። ለዚያ ቀን ከተመደቡት 49 ታንኮች ሲሶ ያህሉ ከመነሻው መስመር እንኳ አልደረሱም፤ በብልሽትና በጭቃ መንገድ ላይ ቀሩ።

ታንክን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። የላላ ሰንሰለት በሹል መታጠፊያ ላይ ይወልቃል፤ ያኔ ምድብተኛው፣ ማለትም ታንኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወርዶ በመዶሻና በዲጂኖ ይታገላል። በእኔ ዘመን ምድብተኞች ከውጊያ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠሩት ጠጋኙን ነበር፤ ጠጋኙም እነሱ ሲተኙ ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ይሠራል። በልብ ወለዱ ውስጥ አዛዥ አለ፣ ሾፌር አለ፣ ተኳሽ አለ፣ ታንኩን የፈለሰፉት ሊቅም አሉ። ጠጋኝ ግን አንድም የለም። ነዳጅና መለዋወጫ ጭኖ የሚከተል መኪናም አላየሁም።

ደራሲውን በአክብሮት የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው ክፍል ታንኩ ሜዳ መሀል አንድ ሰንሰለቱ ይውለቅበት። የጥገና ቡድኑ በተኩስ ሥር ይድረስለት፣ ከመካከላቸውም ለአንዱ ስም ይስጡልን። 400 ቶን በምን እንደሚነሳ፣ አንዱ የሰንሰለት ቁራጭ በስንት ሰው እንደሚያዝ ደራሲው አስበው ይጻፉት። የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ከፈለጉ እኔ በዝርዝር ጽፌ ለዝግጅት ክፍላችሁ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የታንክ ጥገና ባለሙያ፣ አንባቢያችሁ